ሲቲውም የጀርባው ውሃም “የለም” አሉ፤ ታዲያ ካንሰሩ አይደለም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 51 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው አጋሮ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የግራ ጡቷ ካንሰር ነው ተብሎ ጅማ ላይ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ኬሞም ጨርሳለች። ከዚያ ካንሰሩ እንዳይመለስ ታሞክሲፌን የሚባል ክኒን ተሰጥቷት ዓመት ያህል ከዋጠች በኋላ “ድኛለሁ” ብላ ተወችው። ከወር ወዲህ ጠዋት ጠዋት ራሷን ያማታል፣ ያስታውካታል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፣ ከወገቧ ወደ እግሯ የሚወርድ ሕመምም አለባት። ሲቲ ስካን ተነስታ “ዕጢ የለም” ተባለ። ከጀርባዋ የተቀዳው ውሃ ፕሮቲኑ ከፍ፣ ስኳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ የካንሰር ሴል ግን አልታየበትም። የአንጎል ሽፋን ቲቢ ሊሆን ይችላል ተብሎ የቲቢ መድኃኒትና ዴክሳሜታዞን ተጀመረላት፤ በአራት ቀን ውስጥ ቀለል አላት። አሁን ዴክሳው ሲቀነስ ሕመሙ ተመለሰ። ካንሰሩ ነው ወይስ ቲቢው? አዲስ አበባ እንውሰዳት? ዘመድ ደግሞ ጸበል ይሻላል ይላል። እኅቴም 24 ዓመቷ ነው፤ ለእሷስ ያሰጋል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ እናትህን ሳልመረምር በሽታውን ልወስን አልችልም፤ የጻፍከውን ሳነብ ግን ካንሰሩ ወደ አንጎል ሽፋን ተዛምቶ እንደሆነ በብርቱ እጠረጥራለሁ። ሁለቱ ምርመራዎች ይህን ጥርጣሬ አላነሱልኝም። የጡት ካንሰር ታሪክ ባላቸው ሴት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ ተፈልጎ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። በየቤቱ ቀን የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው፦ “ዕጢ የለም” የሚለው ወረቀት ሲመጣ ሁሉም እፎይ ይልና ፍለጋው ይቆማል።

ለምን እንደጠረጠርኩ ልንገርህ። ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ዓይንን የሚያንቀሳቅስ ነርቭ ሲነካ ነው። የአፍ መዝመም የፊት ነርቭ ጉዳት ነው። ከወገብ ወደ እግር የሚወርደው ሕመም ከኅብለ ሰረሰር የሚወጡ የነርቭ ሥሮች ሕመም ነው። የጠዋቱ ራስ ምታትና ትውከት ደግሞ በጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ይናገራል። እነዚህ ቦታዎች የተራራቁ ናቸው፤ አንድ ዕጢ አንድ ቦታ ተቀምጦ ሁሉንም ሊነካ አይችልም። ሁሉንም የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚከበው ውሃ ነው።

አንጎል ሦስት ሽፋኖች አሉት። ከራስ ቅል አጥንት ጋር የተያያዘው ወፍራሙ ነው፤ ከሥሩ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። ውሃው የሚዘዋወረው በሁለቱ ስሶች መካከል ነው። በአዋቂ ሰው በማንኛውም ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ያህል አለ፤ በቀን ግን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ስለሚመረት ዘወትር ይታደሳል። የካንሰር ሴሎች በደም ሥር ወይም ከአከርካሪ አጥንት በነርቭና በደም ሥር ተከትለው እዚህ ውሃ ውስጥ ከገቡ የትም ይደርሳሉ። ውሃው ቀስ በሚልባቸው ሥፍራዎች፣ ማለትም በአንጎል ግርጌና በወገብ በታችኛው ክፍል፣ ይረጋሉ። የዓይንና የፊት ነርቮች የሚወጡት በአንጎል ግርጌ ነው፤ የእግር፣ የሽንትና የሰገራ ነርቮች ደግሞ በወገብ በኩል። የእናትህ ምልክቶች ከዚህ ካርታ ጋር ይገጥማሉ።

ሲቲ ስካን ይህን ብዙ ጊዜ አያየውም። በአንጎል ሥጋ ውስጥ ያበጠ ዕጢ፣ ደም መፍሰስ፣ የውሃ መጠራቀም ያያል፤ በሽፋን ላይ ያለው ካንሰር ግን በጀበና ላይ እንዳለ ጥላሸት ስስ ሆኖ የተለጠፈ ነው። ሲቲው ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ትልቅ ዕጢ ባለበት ሰው ላይ ከጀርባ ውሃ መቅዳት አንጎልን ወደታች ሊያስወርድ ስለሚችል፣ ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሲቲ ማስነሳታቸው ትክክል ነው።

ወደ ጀርባው ውሃ ልምጣ። ካንሰሩ በሽፋኑ ላይ እያለ የመጀመሪያው ናሙና ሴሉን የሚያገኘው በግማሽ ያህል ታማሚዎች ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሲቀዳ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው “አልተገኘም” ሲል ሁለተኛ መቅዳት በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር እንጂ በሐኪሙ ላይ እምነት ማጣት አይደለም። ሁለተኛው እንዲጠቅም ግን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ መጠኑ፦ ለሴል ምርመራ ብቻ ቢያንስ 10 ሚሊ ሊትር። ለፕሮቲን፣ ለስኳር፣ ለባክቴሪያና ለቲቢ ከተከፋፈለ በኋላ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሴልን በማይክሮስኮፕ ለሚመረምረው ክፍል፣ ሁለት ጠብታ ከተረፈ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሁለተኛ ፍጥነቱ፦ ሴሎቹ ውሃው ውስጥ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ ናሙናው አርብ ከሰዓት ተቀድቶ እስከ ሰኞ መደርደሪያ ላይ ከዋለ የሚታይ ነገር አይኖርም። ፓቶሎጂስቱ ባለበት ጠዋት ይቀዳ፣ ወዲያው በእጅ ይድረስ። በጥያቄ ወረቀቱም ላይ “የጡት ካንሰር ታሪክ አላቸው” የሚለው በግልጽ ይጻፍ። የመጀመሪያው ናሙና ስንት ሚሊ ሊትር እንደነበረ በትሕትና ጠይቅ፤ መልሱ ብዙ ያስረዳሃል።

ስለ ቲቢው ደግሞ ሐኪሞቹን አልወቅሳቸውም። ፕሮቲን ከፍ፣ ስኳር ዝቅ፣ ሊምፎሳይት (አንዱ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) በዛ የሚለው ውጤት የቲቢም የካንሰርም መልክ ነው። በእኛ አገር ቲቢ ብዙ ነው፣ የአንጎል ሽፋን ቲቢ ሳይታከም ከቆየ ይገድላል፤ ስለዚህ ተጠርጥሮ መድኃኒቱ መጀመሩ ተገቢ ነው። እናንተም በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። የጂን ኤክስፐርት ምርመራ በጀርባው ውሃ ላይ ተሠርቶ ቲቢ ከተገኘ ነገሩ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ካልተገኘ ግን እሱም ቲቢን አያስወግድም። የኤች አይ ቪና የክሪፕቶኮከስ ምርመራ ካልተሠሩ ይሠሩ፤ ክሪፕቶኮከስ የሚባለው ፈንገስ ይህንኑ መልክ ይዞ ይመጣል፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው።

ብዙዎችን የሚያታልለው ግን ዴክሳሜታዞኑ ነው። “የቲቢ መድኃኒት ሲጀመር ተሻላት፣ ስለዚህ ቲቢ ነው” የሚል ድምዳሜ ቤተሰብም ሐኪምም ይወስዳል። ዴክሳ እብጠትን ስለሚያጎድል በቲቢውም በካንሰሩም ላይ በቀናት ውስጥ እፎይታ ይሰጣል፤ የአራት ቀኑ መሻል የማንንም ማንነት አይመሰክርም። ሲቀነስ መመለሱም እንዲሁ፤ ቲቢም መድኃኒት ላይ እያለ ሊባባስ ይችላል። በዚያ ላይ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ዴክሳን ከሰውነት ቶሎ ያስወግደዋል፤ ስለዚህ መጠኑ ወረቀት ላይ ካለው ያነሰ ሆኖ ይሠራል። ሪፋምፒሲን የታሞክሲፌንንም መጠን በደም ውስጥ እጅግ ያወርዳል፤ የካንሰር ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ሲያዝ የቲቢ መድኃኒት እየወሰዱ መሆኑን ማወቅ አለበት። ንገረው፤ ካርዱ ላይ አይቶታል ብለህ አትተው።

ቀጣዩ ኤም አር አይ ነው። ጋዶሊኒየም የሚባለው ኮንትራስት በደም ሥር ተሰጥቶ መሆን አለበት፤ ያለ እሱ የሚነሳው ለዚህ ጥያቄ አይበቃም። የኩላሊት ምርመራ አስቀድሞ ይሠራ። የራስ ብቻ አይበቃም፣ አከርካሪውም ከላይ እስከ ታች ይነሳ፤ ወገባቸውን የሚያማቸው በምክንያት ነው። ከጀርባ ውሃ መቀዳቱ ራሱ በኤም አር አይ ላይ ሽፋኑን ሊያቀላው ስለሚችል፣ የተቀዳበትን ቀን ለሚያነበው ራዲዮሎጂስት ንገሩት። ኤም አር አዩ በወፍራሙ ሽፋን ላይ የተለጠፈ እብጠት ካሳየም ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ቅል አጥንት የሚሻገር ሲሆን በቀዶ ሕክምናም በጨረርም የተሻለ መንገድ አለው። አንዳንዴም ሜኒንጂዮማ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ካንሰር ያልሆነው ዕጢ ሆኖ ይገኛል።

አሁን የምጠይቅህ የሦስት ዓመቱን የባዮፕሲ፣ ማለትም የተወሰደው ሥጋ ምርመራ፣ ወረቀት ነው። አጋሮ ቤት ሣጥን ውስጥ ይኖራል፤ ከሌለም ፓቶሎጂ ክፍሉ መዝገብ አለው። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንዱ “ሎቡላር” የሚል ቃል ነው፤ ይህ ዓይነት ከሌላው የጡት ካንሰር ይልቅ ወደ ሽፋን መሄድ ይወዳል። ሁለተኛው የሪሴፕተር፣ ማለትም መድኃኒት የሚመረጥበት በካንሰሩ ሴል ላይ ያለ ተቀባይ፣ ውጤት ነው፦ ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ኸር ቱ። ኸር ቱ ያለበትና ሦስቱም የሌሉበት፣ ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው፣ ወደ አንጎል አዘውትረው የሚሄዱት እነሱ ናቸው። በአገራችን ምርመራው ሳይሠራ ታሞክሲፌን የተሰጣቸው ብዙ ሴቶች አሉ፤ ስለዚህ ታሞክሲፌን መዋጣቸው ብቻ ሪሴፕተሩ አለ ማለት አይደለም። ውጤቱ ከሌለ እናትህን እንደገና መቁረጥ አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ የተወሰደው ሥጋ በሰም ተቀብሮ (ብሎክ ይሉታል) ከተቀመጠ ከዚያው ሊሠራ ይችላል። ያን ብሎክ ማግኘት ከብዙ አዳዲስ ምርመራዎች ይልቅ የሕክምናውን መንገድ ይለውጣል። ታሞክሲፌኑን ማቋረጣቸውን አታንሱባቸው፤ ዛሬ የሚቀየር ነገር የለውም።

ካንሰሩ መሆኑ ከተረጋገጠ ሕክምና አለ። የሚያድን ነው አልልህም። ሕመም የሚቀንስ፣ የነርቭ ጉዳትን የሚገታ፣ ጊዜ የሚያስረዝም ነው።

ጨረሩ ለሽፋን ካንሰር የሚሰጠው በሚያስቸግረው ቦታ ላይ ነው፦ ለዓይንና ለፊት ነርቭ በራስ ቅል ግርጌ ወይም በመላው አንጎል፣ ለእግሩ ሕመም በወገብ ላይ። የተለመደው መጠን በ10 ቀጠሮ 30 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ነው፤ ለደከመ ሰው በ5 ቀጠሮ 20 ግሬይ ይበቃል። እኔ እንዲህ ባለ ሁኔታ አጭሩን ነው የምመርጠው፤ ሁለት ሳምንት በየቀኑ መመላለስ የታማሚውን የቀረ አቅም ይበላል። ሕመም በጨረር በደንብ ይታገሣል፤ ለሳምንታት የደነዘዘ ነርቭ ግን ብዙውን ጊዜ አይመለስም። አፋቸው ከዘመመ፣ እግራቸው መድከም ከጀመረ ሳትውሉ ሳታድሩ የምላችሁም ለዚህ ነው። ሽንት መያዝ ካቃታቸው ወይም እግራቸው አልታዘዝ ካለ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ፤ የቀጠሮ ቀን አይጠበቅም።

መድኃኒትን በተመለከተ አንጎል ከደም የሚለየው አጥር አለው። ለኸር ቱ ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ ሞለኪዩሉ ትልቅ ስለሆነ በዚህ አጥር እምብዛም አያልፍም፤ በኸር ቱ ካንሰር ሌላው አካል ደህና እያለ አንጎል ላይ ብቻ የሚያገረሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ካፔሲታቢን በአፍ የሚዋጥ ኬሞ ሆኖ አንዳንዶችን ይረዳል። የኢስትሮጅን ሪሴፕተር ያለበት ካንሰር ከሆነ እንደ ሌትሮዞል ያሉ ክኒኖች ከጠበቅነው በላይ ሲሠሩ አይተናል፤ ርካሽም ናቸው። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን ኬሞ በቀጥታ ወደ ጀርባው ውሃ መስጠትም አለ። ይህ ግን ለዚህ መንገድ የተሠራውን፣ መከላከያ ቅመም ያልገባበትን መድኃኒትና የለመደ እጅ ይጠይቃል፤ ደጋግሞ መወጋትም አለበት። እውነቱን ለመናገር ጥቅሙ መጠነኛ ነው፤ አቅማቸው ለተዳከመ እናት አልመክረውም። ቱካቲኒብ የሚባለውን ኢንተርኔት ላይ አይተኸው ይሆናል፤ በአሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. የተፈቀደ፣ ወደ አንጎል የተዛመተ ኸር ቱ ካንሰርን የሚረዳ ክኒን ነው። ስሙን እያየህ ቤት እንዳትሸጥ። መጀመሪያ ኸር ቱ መሆኑ ይታወቅ፤ ከዚያም ጥናቱ የተሠራው በዋናነት በአንጎል ሥጋ ውስጥ ዕጢ ባለባቸው ሴቶች ላይ መሆኑን አስብ።

አዲስ አበባ ስለመውሰድ፦ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወገቡን ለሚያመው ሰው የጊቤ መንገድ ቀላል አይደለም። ቀድሞ የጨረር ሕክምና በመላው አገር ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት ዘመን ምርጫ አልነበረም። ዛሬ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የካንሰርና የጨረር አገልግሎት አለ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ “እዚያ ሄደን የምናገኘው፣ እዚህ የሌለው ምንድን ነው?” መልሱ ኤም አር አይ፣ ወይም የግፊቱን ውሃ ወደ ሆድ የሚያሻግር ቱቦ፣ ወይም የሪሴፕተር ምርመራ ከሆነ መሄዱ ትርጉም አለው፤ ብሎኩንማ ታማሚዋ ሳይንገላቱ አንተ ብቻህን ይዘኸው ልትሄድ ትችላለህ። “እስቲ ሌላ ሰው ይያት” ብቻ ከሆነ ግን ወረቀቶቹን መላክ ይቀላል።

ቤት ውስጥ ስለ ዴክሳሜታዞኑ ላስጠንቅቅ። በድንገት አይቆምም፤ ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ኮርቲዞል ማምረት ስለሚያቆም በድንገት ሲተወው የደም ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ምግብ ቀምሰው ይዋጡ፤ በቀን ሁለቴ ከሆነ ጠዋትና ቀትር ላይ፣ ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። የደም ስኳር ይለካ። ደግሞ ዴክሳ ለረጅም ጊዜ ከመቀጠሉ በፊት ሰገራ ምርመራ ይደረግ ወይም ስትሮንጊሎይዲስ ለሚባለው የሆድ ትል መድኃኒት ይሰጣቸው፤ በእኛ አካባቢ በባዶ እግር እርሻ የገባ ሰው ሊኖርበት ይችላል፣ በዴክሳ ሥር ሆኖ በመላ አካል ከተሰራጨ ከካንሰሩ ቀድሞ ይገድላል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ቡናውን ራስ ምታት ያመጣል ብላችሁ አስተዋችኋቸው እንደሆነ መልሱላቸው። ለዘመናት የለመደ ሰው ቡና ሲቀርበት ያው ራስ ምታት ነው የሚይዘው።

ድንገት ቢያንቀጠቅጣቸው በጎናቸው አስተኟቸው፤ አፋቸው ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቷቸው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል። አንዴ እንኳ ካላንቀጠቀጣቸው ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት አስቀድሞ መጀመር አያስፈልግም። ለሕመሙ ሞርፊን በሽሮፕ ወይም በክኒን ከታዘዘ አትፍሩት፤ ሱስ የምትሉት ነገር እዚህ ቦታ የለውም፣ ሆድ ድርቀቱን ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተከላከሉ። ለነርቭ ሕመሙ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ይጨመርበታል።

ጊዜውን አልጠየቅኸኝም፤ ለመጠየቅ ፈርተህ ይመስለኛል። የሽፋን ካንሰር ሳይታከም በአማካይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። ሲታከም ወደ ወራት ይሄዳል፤ ኸር ቱ ካለባቸው መካከል ዓመት ያለፋቸው አሉ። በአንጎል ሥጋ ውስጥ ብቻ ዕጢ ያለባቸው እንደ ዓይነቱ ከግማሽ ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣቸዋል፤ የሁለቱን አኃዝ አታቀላቅል። ይህን የምነግርህ ገንዘብና ጉልበታችሁን የት እንደምታውሉ እንድትወስኑ ነው። እናትህም ከውሳኔው አይቅሩ። በብዙ ቤት ታማሚዋ “ማጅራቷን ነው ያመማት” ተብላ ተሸንግላ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲያውቅ ባለጉዳይዋ ራሷ ብቻ ሳታውቅ ትቀራለች። “እማዬ፣ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ትፈልጊያለሽ ወይስ ለእኔ ይንገረኝ?” ብለህ ጠይቃቸው። ንገረኝ ያሉህን ንገራቸው፤ አልፈልግም ካሉም መብታቸው ነው።

ጸበሉን አልከለክልም፤ መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ። እዚያ “መድኃኒት አቁሚ” የሚል ሰው ካጋጠማቸው ስለ ዴክሳው ከላይ ያልኩትን አስታውስ። ውሃው ሲጠመቁ ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ ጾሙም ክኒኑን በባዶ ሆድ ስለሚያስውጥ፣ ለንስሐ አባታቸው ሁኔታውን አስረዱና ያቅልሉላቸው።

እኅትህን በተመለከተ፣ ወደ ሽፋን መዛመቱ በዘር አይተላለፍም። የጡት ካንሰሩ ራሱ ግን ለልጅ አደጋውን በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። እናትህ የታወቀባቸው በ48 ዓመታቸው ስለሆነ እኅትህ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድማ፣ በ38 ግድም፣ የጡት ምርመራዋን ትጀምር። አክስቶች ወይም አያት የጡት ወይም የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር ነበረባቸው ከተባለ ግን እስከዚያ አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ለሐኪም ትናገር። በ24 ዓመቷም ቢሆን በጡቷ ላይ የሚያጠራጥር እብጠት ካገኘች በዕድሜዋ ልጅነት ተማምና አትተወው።